ማጅራቴን የሚያነቡት ሴት

ሚስ ቨርኔል መሞታቸውን የሰማሁት በቴክስት ነው። ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ እኛ ሹፌሮች ተሳፋሪ የምንጠብቅበት ሜዳ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ምሳዬን እየበላሁ ነበር። ስልኬ ጮኸ። የእህታቸው ልጅ ናት። «ሃይ ብርሃኑ፣ አክስቴ ቨርኔል ባለፈው ሳምንት አርፋለች፤ ቀብሯ በቤተሰብ ብቻ ተፈጽሟል፤ ስለ ሁሉም እናመሰግናለን» ይላል። ከሥሩ የተጣመሩ እጆች ምስል አለ። በቃ፣ ያ ነው! የመብራት ቢል እንኳ ሲልኩልን ከዚህ ይረዝማል።

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። ጓደኛዬ ደረጀ ከጎኔ ካቆመው መኪና በመስኮት አየኝና «ምነው? ፊትህ ጠቆረብኝ» አለ። ደረጀ እንደኔው ሹፌር ነው፤ ካልተተራረብን ቀኑ አይመሽልንም። «ምንም» አልኩት። የዋሸሁ አልመሰለኝም። ስልክ ነገረኝ እንጂ ሰው አልነገረኝም። የዚህን ልዩነት ያወቅሁት ደግሞ በእሳቸው ነው።

ሚስ ቨርኔል ደራሲ ነበሩ። ጥቁር አሜሪካዊት፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው እንደ ባዘቶ የነጣ። የደቡብ ሰዎች ትልቅ ሴትን «ሚስ» ብለው ከስሟ ጋር ይጠራሉ፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። እንግሊዝኛው አንቱታ ባይኖረውም እኔ በሆዴ አንቱ ነበር የምላቸው። ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ትተዋል። አትላንታ ውስጥ መኪና የማይነዳ ሰው ደግሞ ከሽባ አይሻልም። አንድ ቀን ከኤርፖርት ኢስት ፖይንት ወዳለው ቤታቸው አደረስኳቸው። ወዲያው ቁጥሬን ያዙ። ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው እኔ ነበርኩ። ዓይን ሐኪም፣ ፋርማሲ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሲያሰኛቸውም እንዲሁ መዞር። ሰው ሁሉ በስልኩ መኪና መጥራት በጀመረበትና ሥራችን በቀዘቀዘበት ዘመን ማክሰኞን የመሰለ ቀን አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ላይ ልክ ከኋላዬ ተቀመጡና ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ። «ታሪክ ላንብብልህ። መስታወቱን ወደ ላይ አዙረው። ዞርም አትበል» አሉኝ። ምን ዓይነት ነገር ነው ብዬ ታዘዝኩ። ታሪኩ ቀባሪው በስህተት አንድ እግሩ ላይ የሌላ ሰው ጫማ አጥልቆለት ስለተቀበረ ሟች ነበር። ሟቹ ጫማውን ፍለጋ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ሰዎች የሚሰሙት የአንድ እግር ኮቴ ብቻ ነው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፣ ልጅ የሚያስተኙ ይመስላሉ። ሀይዌዩ ላይ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝ። ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ድንገት አቆሙ። «እዚህ ጋ ነው» አሉና በእርሳስ ምልክት አደረጉ። «የማጅራትህ ፀጉር ቆመ።»

ለካ አሠራራቸው ይሄ ኖሯል። የጻፉትን ከሹፌር ጀርባ ሆነው ያነባሉ፣ ማጅራት ያያሉ፣ ማጅራቱ ዝም ያለበትን ሁሉ ይሰርዛሉ። «ሰው ፊቱን አሠልጥኖታል» ይሉ ነበር፤ «ማጅራቱን ግን ማንም አላሠለጠነውም።» እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ማጅራት መቺ ነበር የምፈራው። ማጅራት አንባቢ ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። ባለቤቴ ሰናይት ስነግራት አማተበች። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ ከቤት ስወጣ «ኮሌታህን ከፍ አድርግ!» ትለኝ ጀመር፣ ግማሹን ለቀልድ፣ ግማሹን ከምሯ።

አባታቸው ደቡብ ጆርጂያ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ የጥቁሮች ቀብር አስፈጻሚ ነበሩ። ሬሳው ምድር ቤት፣ ቤተሰቡ ፎቅ። የልጅነት ሥራቸው በቀብር ቀን የሚታደለውን የሟች ታሪክ መጻፍ ነበር። «የመጀመሪያዎቹ ባለታሪኮቼ ሁሉ ሞተው ነው ወደ እኔ የመጡት» ይሉኛል፤ «አንዱም ቅር ብሎት አያውቅም።» አድገው አትላንታ መጡና አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ ባልደረቦቻቸው ምሳ ሲበሉ እሳቸው ይጽፋሉ። የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው የታተመው ፀጉራቸው ሸብቶ ነው። ተሸለሙ፣ ጋዜጣ ላይ ወጡ፣ ሰው ተሰልፎ አስፈረማቸው። ከዚያ አሳታሚው ፊቱን አዞረባቸው፣ መጻሕፍታቸውም ከመደብር ጠፉ። እኔ ስደርስ አንባቢዎቻቸው አርጅተው ነበር፣ አንዳንዶቹም ሞተዋል።

አንድ ቀን አንድ ቤተ መጻሕፍት ለንባብ ጋብዟቸው ወሰድኳቸው። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፤ እኔና መብራት ሊያጠፋ የሚጠብቅ ሠራተኛ ብቻ። አንጀቴን በሉት። እሳቸው እቴ! ባዶዎቹን ወንበሮች ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ እያዩ፣ ሰው እንደሞላው አዳራሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። አንድ ቦታ ላይ ሰው ሳቅ ያለ ይመስል ፋታ ሰጡ። መጨረሻ ላይ አመስግነው ወረዱ። መኪና ውስጥ ሲገቡ «ደህና አድርገው ሰሙኝ» አሉኝ። እነማን ብዬ ለመጠየቅ ወኔ አጣሁ።

ሌላው አመላቸው ቤት ማየት ነው። «ቀስ በል፣ ብርሃኑ» ሲሉኝ እግሬን ከነዳጁ አነሳለሁ። አንድ ማክሰኞ እዚያው ሰፈራቸው አረንጓዴ በር ያለው ቤት ፊት አስቆሙኝ። «እዚህ ቤት ሰው ጎድሏል» አሉ። ሣሩ ታጭዷል፣ መኪናው ቆሟል፣ እኔ ምንም አይታየኝም። በሳምንቱ ስናልፍ በሩ ላይ ጥቁር ሪባን የታሰረበት አበባ ተሰቅሎ አየሁ። «በስመ አብ!» አልኩ። ሳቁብኝ። «ጥንቆላ አይደለም። የማዕድ ቤት መጋረጃ በቀን አይዘጋም። የዘጋ ሰው ለቅሶውን ከጎረቤት እየደበቀ ነው።» ሲያስረዱት ቀላል ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሎረንስቪል ቤቴ ስደርስ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ማዕድ ቤቱ መስኮት ላይ ሆነ።

እንግዲህ የዚያ ዓመት ሁዳዴ ገባ። ለፋሲካ አገር ቤት ልሄድ ትኬት ቆርጫለሁ። እማዬ ደብረ ብርሃን ናት፤ ዓይኗን ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። እሑድ እሑድ ስደውል ሃሎ ማለት አታውቅም፤ ስልኩን እንዳነሳች «መጣህ?» ነው የምትለኝ። ዘንድሮ «አዎ፣ መጣሁ» ልላት ነው። ያን አንድ ቃል በአካል ቆሜ ልላት፣ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ታዲያ በጾሙ መሃል ነገር ዓለሙ ተለዋወጠብኝ። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስገባ የማዕድ ቤታችን መጋረጃ በቀትር ተዘግቷል። «ፀሐዩ አስቸገረኝ» አለች ሰናይት፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ደረጀ መተረቡን ተወ። እንዲያውም ከፋይ ሆነ! «ብላ እንጂ፣ ጨምር» እያለ ያበላኛል። ጋሽ መኮንን፣ የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ነጭ ጢማቸውን እየዳበሱ «መቼ ነው ኦፍ የምትሆነው?» ብለው ደወሉ። «ለምን ፈለጉኝ?» ስላቸው «ለደህና ነው፣ ለደህና» ብለው ዘጉ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሴቶቹ እጄን ይዘው አይለቁም። ደብረ ብርሃን ስደውል እህቴ አንዴ «እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት»፣ አንዴ «ጉሮሮዋን ይዟት ድምፅ የላትም» ትለኛለች።

ይሄን ሰምቶ የማይገባው ሐበሻ አለ እንዴ ትሉኛላችሁ። አለ፤ እኔ። በዚያው ሰሞን የደም ምርመራ አድርጌ ነበር፤ ከክሊኒኩ ሲደውሉ ያነሳችው ሰናይት ናት። «ሁሉም ደህና ነው» ስትለኝ ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። አበቃ! ክፉ በሽታ ተገኝቶብኝ ነው የደበቁኝ አልኩ። እኛ ለበሽተኛ በሽታውን ነግረን አናውቅማ። ለእህቴም ነግረዋት ነው፣ እማዬም በእኔ ደንግጣ ነው ድምፅ ያጣችው ብዬ አሰብኩ። ሁሉም ነገር ልክ ገጠመልኝ። ሰው መሃል ስቀመጥ ያለሁ ያለሁ አይመስለኝም ነበር፤ ወሬያቸው በላዬ ያልፋል፣ ዓይናቸው ሲነካኝ ይሸሻል። መስታወት ፊት ቆሜ ፊቴን እየጎተትኩ አየው ነበር።

በዚያው ሰሞን እሑድ የደረጀ ልጅ ክርስትና ነበር። ሚስ ቨርኔልን አስቀድሜ ጋብዣቸው ስለነበር ይዣቸው ሄድኩ። ጥግ ላይ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ወንበር መርጠው ተቀመጡ። ስመልሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ባለ ነጭ ጢሙ ሰውዬ አንተ ስታልፍ ለምን ዝም አለ?» አላውቅም አልኳቸው።

ማክሰኞ መጣ። መኪና ገቡ፣ ወረቀታቸውን አወጡ፣ «ዞር አትበል» አሉ፣ ማንበብ ጀመሩ። አዲስ ታሪክ ነው። በአንድ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ ለአንድ ሰውዬ ድንገት ደግ ይሆንበታል። ሱቅ ሲገባ ወሬ ይቆማል። ትከሻውን ይነካሉ። ብላ፣ ጨምር ይሉታል። ሚስቱ መስኮት ትዘጋለች። ሰውዬው መስታወት ፊት ይቆምና፣ ለመሆኑ የሞትኩት እኔ ነኝ እንዴ? ይላል።

ስለ መስታወቱ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሰናይትም።

አንድ የገበያ ማዕከል ፊት ለፊት ጥግ ይዤ ፓርክ አደረግኩ። ሰው ጋሪ እየገፋ ያልፋል፣ ቀኑ ብርሃን ነው። ዞር ሳልል «ሚስ ቨርኔል፣ ሰውዬው ሞቷል?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ እኔም እንደሱ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ግን አይደለም። ለሞተ ሰው እንዲህ አይራሩለትም፤ የሞተ ሰው ምን ይፈልጋል? አባቴ ቤት ያየሁት ደግነት ሁሉ ለቀሪው ነው። ይሄ ሰው ቀሪ ነው።»

«የማን?»

ወረቀቱ ሲታጠፍ ተሰማኝ። «እሱን አላውቅም፣ ልጄ። እሑድ ሰዎችህን ከኋላ አየኋቸው። ሁሉም ማጅራት ያውቅ ነበር። የማያውቀው ያንተ ብቻ ነው።»

«እማዬ» አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ጉሮሮዋን የያዛት፣ ቤተ ክርስቲያን የሄደችው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። እማዬ ሞታለች። መሪው ላይ ተደፋሁ። ያኔ እጃቸውን ማጅራቴ ላይ አሳረፉ። ነክተውኝ አያውቁም ነበር። እጃቸው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ ክብደቱም የአሮጊት እጅ አይመስልም።

ሮጬ ሄጄ ሰናይትን ላንቃት ነበር፣ እውነቴን ነው! እንዴት ይደብቁኛል! ሚስ ቨርኔል ግን እጃቸውን ሳያነሱ «ሂድና እስኪነግሩህ ጠብቅ» አሉኝ። «ብቻህን ያወቅኸው ሞት ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ እነሱ ናቸው የያዙልህ።»

ጠበቅሁ። እየበላሁ፣ ሥራ እየገባሁ፣ ሰናይት ጀርባዋን ስትሰጠኝ እኔም ጀርባዬን እየሰጠኋት። ዴንቨር ያለው ታላቅ ወንድሜ አርብ ማታ «ለሥራ ጉዳይ» ብሎ ከች አለ። ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ደጃፉ ላይ የብዙ ሰው ጫማ ኮቴ ተሰማ። ጋሽ መኮንን ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ገቡ፣ ሌላው ተከተለ። «ብርሃኑ፣ ወንድ ልጅ ነህ፣ ጠንከር በል» አሉ። «እናትህ አርፈዋል።»

አላለቅስ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የማውቀውን ነገር እንዴት አለቅሳለሁ? ግን ያ ሁሉ ሰው ከሺፍቱ ፈቃድ ጠይቆ፣ እኔን ሊይዘኝ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ሳየው እንዳላወቀ ሰው ወደቅሁ። በኋላ ጋሽ መኮንን «ሁሉም ኦፍ የሚሆንበት ቀን አጥተን ነው የቆየነው፣ ይቅር በለን። አሜሪካ ሀዘኑም ኦፍ ቀን ይጠብቃል» አሉኝ። ቀና ስል ደረጀ ያመጣቸው ሚስ ቨርኔል ከኋላዬ ሶፋው ላይ፣ ጥቁር ባርኔጣ አድርገው ተቀምጠዋል። በሁዳዴ አንድ ትሪ ሙሉ የተጠበሰ ዶሮ ይዘው መጥተዋል! ጋሽ መኮንን ማን ናቸው ሳይሉ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጓዳ አስገቡት።

በማክሰኞው ስንገናኝ «ማጅራትህ ሁለት ጊዜ አወቀ» አሉኝ። «ሁለተኛው ከፍቶ ነበር፤ ግን ሰዎች ይዘውልህ ነበር።» ታሪኩስ የት ደረሰ ስላቸው መጽሐፉ ውስጥ እንደማያስገቡት ነገሩኝ። የሌላውን ሰው ሁሉ ሞት ጽፈው የእማዬን ተዉልኝ። መጽሐፉ በአንድ ትንሽ አሳታሚ ወጣ፣ ጥቂት ሰው አነበበው፤ እሳቸውም በየማክሰኞው ማንበባቸውን አላቆሙም።

በመጨረሻዎቹ ወራት ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ። አንድ ቀን ገጹ መሃል ላይ አቆሙና «ለኔስ ማን ነው ማለዳ ተነስቶ የሚመጣው?» አሉ። የቀለዱ መስሎኝ «እኛ አለን አይደል! ጋሽ መኮንንን ከነጋቢያቸው ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው። «ወደ እኔ አይደለም» አሉ፤ «ለእኔ መርዶ መነገር አያስፈልግም። ወደ አንተ ነው።» ያን ዕለት አልገባኝም።

የቴክስቱ ዕለት ከሜዳው ወጥቼ ቀጥታ ኢስት ፖይንት ሄድኩ። ቤቱ ተቆልፏል። የማዕድ ቤቱ መጋረጃ በቀን ተዘግቷል። ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር ማን እንደዘጋው እንጃ። እንደ ማክሰኞው ሞተሩን ሳላጠፋ ጥቂት ቆየሁ፤ ከዚያ እሳቸውን እንደማሳፍር የመኪናውን የኋላ በር ከፍቼ መልሼ ዘጋሁትና ነዳሁ።

ለደረጀ ሁሉንም ነገርኩትና «ቅዳሜ መጥታችሁ መርዶ ንገሩኝ» አልኩት። «አብደሃል እንዴ? አንተው አይደለህ የነገርከኝ?» ብሎ ጮኸ። ጋሽ መኮንን ጋ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኳቸው። ሌላ ምንም አልጠየቁም፤ «ስንት ሰዓት እንምጣ?» ብቻ አሉ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መጡ። ደረጀም፣ ያ ተሳላቂ፣ ጥቁር ሹራብ ለብሶ መጣ። ሰናይት አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ፊት ለፊቴ ነው፤ ከኋላዬ ያው ሶፋ አለ፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ብርሃኑ፣ ጠንከር በል። ሚስ ቨርኔል አርፈዋል።»

እንባዬ መጣ፤ ሰዎቼ ያዙኝ። ሰናይት በቀኝ፣ ደረጀ በግራ፣ ጋሽ መኮንን ሁለት እጆቼን። ያኔ ነው ከኋላ ያ ቀዝቃዛ እጅ ማጅራቴ ላይ ያረፈው።

ዞር አላልኩም።